ፌሮ ስለተወደደ ብቻ ካሳ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ አነስተኛ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነኝ። ሐዋሳ ላይ ለአንድ ግለሰብ ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ በቁርጥ ዋጋ ልሠራ በየካቲት 2016 ተዋዋልን። ሁለተኛው ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ላይ ስንደርስ ባለቤቱ «ዲዛይን ልቀይር ነው» ብሎ በሰኔ መጀመሪያ ሥራ አስቆመኝ። በነሐሴ ስንመለስ የፌሮ ዋጋ ሌላ ሆኗል። አሁን ደግሞ «ዘግይተሃል» ብሎ ከመጨረሻው ክፍያዬ ቅጣት ሊቆርጥ ነው። ምን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መራራውን ልንገርዎት። የዋጋ መናር ብቻውን ካሳ አያስከፍልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1793 ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ መወደዱን ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አድርጎ አይቆጥረውም፤ ውላችሁ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር። አንቀጽ 1764ም ሸክሙ ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «ዶላር ጨመረ» ብቻ ብሎ የሚጻፍ ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) እዚህ ላይ ይወድቃል። ለመንግሥት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የአስተዳደር ውል ሕጉ ላልታሰበ ሁኔታ የተለየ በር አለው። የእናንተ ግን የግለሰቦች ውል ነው።

እርስዎ አጥብቀው መያዝ ያለብዎት እነዚያን ሁለት ወራት ነው። ሥራውን ያስቆመው ባለቤቱ ነው። ባያስቆምዎት ኖሮ የሦስተኛውን ሶሌታ ፌሮ በሰኔ ይገዙ ነበር። ስለዚህ የሰኔና የነሐሴ ዋጋ ልዩነት እሱ ካመጣው መዘግየት የተወለደ ኪሳራ ነው። ሥራ በቆመበት ጊዜ የከፈሉት የጥበቃ ደመወዝ፣ የሚክሰር (የኮንክሪት ማደባለቂያ)ና የስካፎልዲንግ (የመወጣጫ መዋቅር) ኪራይም አብሮ ይጠየቃል። እሱ ባስቆመባቸው ቀናት ደግሞ እርስዎ ሊቀጡ አይገባም፤ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን በወረቀት ነው። «በሰኔ ልትገዛ እንደነበር በምን ይታወቃል?» መባልዎ አይቀርም። የሥራ መርሐ ግብሩን ያውጡ። የሰኔውን ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)ና የነሐሴውን ደረሰኝ ጎን ለጎን ያያይዙ። ሳይት ቡኩ (የሥራ ቦታው የዕለት መዝገብ) ላይ «በአሠሪው ትእዛዝ ሥራ ቆሟል» የምትል መስመር ካለች፣ መሐንዲሱም ከፈረመባት፣ ያቺ አንዲት ገጽ ከአስር ምስክር ትበልጣለች። ትእዛዙ በቴሌግራም ከሆነ የመጣው መልእክቱን አያጥፉ፤ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያትሙት።

አንድ ነገር ግን ራስዎን በሐቅ ይጠይቁ። ለዕቃ ብለው ቅድሚያ ክፍያ ወስደው ነበር? ፌሮውን በዚያ ገንዘብ በጊዜ መግዛት እየቻሉ ካልገዙ፣ የዋጋ ልዩነቱ ጥያቄ በጣም ይዳከማል። ለጠበቃዎ ይህን አይደብቁ። ከባለቤቱ ጠበቃ አፍ ችሎት ላይ ሲሰማ የባሰ ነው።

ቀጥሎ ውሉን ገልጠው ስለ ማሳወቂያ የሚለውን ይፈልጉ። ከፊዲክ (ከዓለም አቀፍ መደበኛ የግንባታ ውል) የተቀዱ ውሎች ብዙውን ጊዜ ክሌይም በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይታወቅ ይላሉ። እንዲህ ያለ ቃል ካለና ቀኑ ካለፈ ነገሩ ይከብዳል። ያኔ የተጻጻፋችሁትን ደብዳቤና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሁሉ ይፈትሹ፤ ማሳወቂያ የሚሆን ነገር ይገኝበት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ ይስጡት። ግልባጩን አስፈርመው ያስቀሩ። ውሉ «ክርክር በግልግል ይታያል» የሚል ከሆነ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ጊዜና የዳኝነት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ወደ ግልግል ይመለሳሉ።

ከሁሉ በፊት ግን የመጨረሻው ክፍያ ሰነድ ሲቀርብልዎ «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ» የሚለውን እንዲሁ አይፈርሙ። ገንዘብ ቸግሮዎት መቀበል ግድ ከሆነ፣ ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ «የካሳና የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው ይጻፉ። ፎቶ ኮፒውንም ሳይዙ አይውጡ።