«ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» የተባለው ስልክ

በዚህ ወር ከጻፋችሁልን መካከል አብዛኞቻችሁ «አፕ አፕዴት አልሆን አለኝ» ትላላችሁ። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ እህል ነጋዴ ነኝ። ብር የምልከውም የምቀበለውም በባንክ አፕ ነው። ሰሞኑን አፑ አዲሱን ካልጫንሽ አልከፈትም አለኝ። አፕዴት የሚለውን ስነካው «ፔንዲንግ» ብሎ እዚያው ይቀራል። ሞባይል ቤት ብወስደው ልጁ ገና ከእጄ ሳይቀበለኝ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አለ። የልጆቼ ፎቶ፣ የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ምን ይሻለኛል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ስልክዎን ለልጁ እንዳይሰጡት። ፎርማት ማድረግ ለእሱ አሥር ደቂቃ ነው፣ ለእርስዎ ግን የስንት ዓመት ፎቶ ነው። ጥርሴን አመመኝ ያለን ሰው መንጋጋውን እንደማውለቅ ማለት ነው። እኔም ስልክ በመጠገን ነው እንጀራዬን የምበላው፤ ለአፕዴት ተብሎ ፎርማት የሚያስፈልገው ስልክ ግን የሚገጥመኝ ከስንት አንዴ ነው።

«ፔንዲንግ» ማለት ወረፋ ላይ ነው ማለት ነው፣ ተበላሸ ማለት አይደለም። በእኛ በኩል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ያውቃሉ። እንዲያ የከረመ ስልክ ዳታ ሲያገኝ ሠላሳ አርባ አፕ በአንድ ጊዜ አድሱኝ ብሎ ይሰለፋል፣ የባንኩ አፕ ደግሞ ከመሃል ተቀርቅሮ ይቀራል። ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ምልክት ይንኩ፣ «ማኔጅ አፕስ ኤንድ ዲቫይስ» የሚለው ውስጥ ገብተው ሌሎቹን በሙሉ ያስቁሙና የባንኩን ብቻ ያስጀምሩ። እግረ መንገድዎን እዚያው ክብ ምልክት ስር ሴቲንግ ውስጥ «ኔትወርክ ፕሪፈረንስ» የሚለውን ይዩት። «ዋይፋይ ኦንሊ» ላይ ከሆነ፣ የገዙት የዳታ ጥቅል ምንም ያህል ቢሆን ዋይፋይ እስኪያገኝ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዋይፋይ የሌለው ሰው ስልክ ይኼ ተደርጎበት ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለዎት።

ይኼ ካልሆነ ቦታ ሞልቶ ይሆናል። ይህን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጎተራው ሞልቶ እያለ አዲስ ጤፍ የት ይገባል? ስልክ ደግሞ የባሰ ነገር አለው፤ አዲሱን ሙሉ በሙሉ ሳያስገባ አሮጌውን አያወጣም። ስለዚህ አፑ 100 ሜጋ ነው ቢባል 100 ሜጋ ባዶ ቦታ አይበቃውም። ለአሮጌውም፣ ወርዶ ለተቀመጠው ፋይልም፣ ለሚዘረጋውም ቦታ ይፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ጊጋ ባዶ ይኑር ነው የምለው። ቦታውን የሚበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎቶዎ አይደለም፣ ቴሌግራም ነው። በየቻናሉ ያዩት ቪዲዮ፣ ያዳመጡት መዝሙር ሁሉ ሳያውቁት ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»፣ ከዚያ «ክሊር ካሽ»። መልእክትዎ አይጠፋም፤ ቪዲዮውን እንደገና ማየት ከፈለጉ ብቻ እንደገና ዳታ ይበላል። ስድስት ሰባት ጊጋ በአንዴ ሲለቀቅ አይቻለሁ።

ቦታ ኖሮም እንቢ ካለ ችግሩ ያለው ራሱ ፕሌይ ስቶሩ ላይ ነው። የስልኩ ሴቲንግ፣ «አፕስ»፣ «ጉግል ፕሌይ ስቶር»፣ «ስቶሬጅ» ውስጥ ይግቡና «ክሊር ካሽ» ይበሉት፣ ካልሆነ «ክሊር ዳታ»። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ይኼ ዳታ የገዙት ጥቅልም አይደለም፣ ፎቶም አይደለም፤ ፕሌይ ስቶር ለራሱ የያዘው ማስታወሻ ነው። ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ የባንኩን አፕ «ክሊር ዳታ» እንዳይሉት፣ አጥፍቼ ልጫነውም እንዳይሉ። እንደገና መመዝገብ ሊጠይቅዎት ይችላል፣ ያኔ ቅርንጫፍ ሄዶ መሰለፍ ይመጣል። ስልኩን አጥፍተው አብሩትና እንደገና ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ከተነሳ ወዲህ ስልኬ ፕሌይ ስቶርን አልከፍት አለኝ። ዳታ አለኝ፣ ጥሪም ይሠራል። ብሮውዘሩም «ደህንነቱ አያስተማምንም» እያለ ገጽ ሁሉ ይከለክለኛል። ቫይረስ ይሆን? (መምህር ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ሞልተውት ይሆን? ስልኩ ተነስቶ ቀን ሲጠይቅዎት 2018 ብለው ከሆነ ቫይረሱ እሱ ነው። ለእኛ ትክክል ነው፣ ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ፕሌይ ስቶርም ሆነ ማንኛውም ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የምስክር ወረቀት ያሳያል፣ ወረቀቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለ። የእርስዎ ስልክ ወረቀቱን ሲያየው ገና ያልተጻፈ ነው፤ ስለዚህ የሐሰት ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ሴቲንግ ውስጥ «ዴት ኤንድ ታይም» ላይ አውቶማቲክ ያድርጉት፣ የሰዓት ክልሉ ደግሞ ጂኤምቲ ፕላስ 3 ይሁን። በዚሁ ይከፈታል።

የአባቴ ስልክ እንዲህ ሆኖ ግማሽ ቀን አድክሞኛል። ካሽ አጸዳሁ፣ ሲም ቀየርኩ፣ ኔትወርኩን ረገምኩ፤ ለካ ቀኑ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 1 እንዲል ብላችሁ ስድስት ሰዓት የምታዛንፉትም እንደዚያው ተዉት። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት የሚያሳዩ አፖች አሉ፣ የስልኩን ሰዓት ሳይነኩ እነሱን መጫን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አፕ ከጓደኛዬ በዜንደር ተቀብዬ ነበር። አሁን አዲሱን ልጭን ስል «አፕ ኖት ኢንስቶልድ» ይለኛል። (ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ እያንዳንዱ አፕ የሠሪው ማኅተም አለበት። አንድሮይድ አዲሱን በአሮጌው ላይ የሚጭነው ሁለቱ ማኅተም አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ጓደኛሽ የሰጠሽ ሌላ ሰው ነካክቶ እንደገና ያተመው ከሆነ፣ ዋናው በላዩ ላይ አይገባም፤ መቼም አይገባም። ውስጡ ያለውን የሚያስፈልግሽን ነገር አስቀምጪ፣ አሮጌውን አንኢንስቶል አድርጊ፣ ከዚያ ከፕሌይ ስቶር ውሰጂው። ዳታ ለመቆጠብ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። የባንክ አፕ ግን በዜንደርም በቴሌግራምም አትቀበዪ። «አፑን በዚህ ሊንክ አፕዴት አድርጉ» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ሳትከፍቺ አጥፊው።

ጥያቄ፦ ስልኬ አንድሮይድ 4.4 ነው። ምንም አፕ አይቀበልም፣ ዋትስአፕም ዘጋኝ። (ከብቸና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይኼ አይጠገንም። ጉግል እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ለ4.4 አገልግሎቱን ማደስ አቁሟል፣ ዋትስአፕም በዚያው ዓመት ከ5.0 በታች ላሉት ተዘግቷል። እንጠግነዋለን ብሎ ብር የሚቀበልህ ካለ አትስጠው። ለመደወልና በ*127# ቴሌብር ለመጠቀም ግን ገና ያገለግልሃል።

ጥያቄ፦ እኔ ምክራችሁን ሳልሰማ አስደርጌዋለሁ። ፎርማት ተደርጎ ሲነሳ ግን የድሮውን ጂሜይል ካላስገባህ አልከፍትም አለኝ። ጂሜይሉን የከፈተልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው፣ ስሙንም ፓስዎርዱንም አላውቀውም። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ይኼ ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የመጣ የሌባ መከላከያ ነው። በሴቲንግ ሳይሆን የስልኩን ቁልፍ ተጭነው ከውጭ ፎርማት ሲያደርጉት ስልኩ ባለቤቱ መሆንህን ያጣራል፣ አንተ ደግሞ የራስህን ጂሜይል አታውቀውም። መጀመሪያ ሻጩን ፈልገው፤ እንዲህ ያሉት ልጆች ብዙ ጊዜ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ነው የሚሰጡት፣ ያስታውሰው ይሆናል። ካላስታወሰ ጂሜይሉ ሲከፈት የአንተ ስልክ ቁጥር ተመዝግቦበት እንደሆነ በሌላ ስልክ ጉግል ገጽ ላይ ገብተህ በቁጥሩ አስፈልገው፣ ኮዱ በኤስኤምኤስ ይመጣልሃል። ፓስዎርዱን ከቀየርክ 24 ሰዓት ጠብቅና ከዚያ አስገባው። ቁጥሩም የልጁ ከሆነ ግን ደረሰኙን ይዘህ ሱቁ ድረስ ከመሄድ ሌላ መንገድ የለህም።

ሌሎቻችሁ ስልካችሁ ገና ሳይቆለፍ አሁኑኑ ሴቲንግ ከፍታችሁ «አካውንትስ» የሚለውን እዩት፤ እዚያ የተጻፈውን ጂሜይል የማታውቁት ከሆነ የራሳችሁን ክፈቱና ቀይሩት፣ ፓስዎርዱንም ወረቀት ላይ ጻፉት።