ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

አሮጌ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙዎቻችሁ ፊታችሁ ሲጠቁር አያለሁ። ኮምፒውተር የሚሰካበት ቦታ የለውም፤ የብልሽት ኮድ አያወጣም፤ የት እንደሚጀመር ግራ ይገባል። እኔ ግን ለጀማሪ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መማሪያ የሚሆን መኪና ምረጥ ብባል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ገበያ ላይ የዋለውን መርሴዲስ 230ኢ ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ሽቦው በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ በመለኪያ ይለካል። የሚደብቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ስለሚያጋጥም አንድ ብልሽት ነው፦ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፑ አልሠራም ሲል። ይህን የመረጥሁት የባለመኪና ገንዘብ በከንቱ ሲፈስ ከማስተውልባቸው ሥራዎች አንዱ ስለሆነ ነው። መኪናው ተጎትቶ ይመጣል፤ አንድ ሰው ጆሮውን ወደ ኋላ ወንበር ያስጠጋና “ፓምፑ ሞቷል” ይላል፤ ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ፓምፕ ይገዛሉ፤ ይገጠማል፤ መኪናው አይነሣም። ሌላ ፓምፕ ይገዛል። በመጨረሻ ጥፋቱ የአንዲት ፊውዝ ጫፍ መዛግ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ዝም ያለ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ራሱ ደኅና ነው፤ ሥራ ብሎ ያዘዘው የለም፣ ወይም የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ አልደረሰውም።

መጀመሪያ ፓምፑ መቼ መሥራት እንዳለበት እወቁ። በ230ኢ ላይ ያለው ኬ-ጀትሮኒክ የተባለው የቦሽ ነዳጅ መርጫ ነው። የዚህ ፓምፕ ሪሌ (በጥቂት ኤሌክትሪክ ታዝዞ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ማብሪያ ማጥፊያ) ኤሌክትሪኩን ሳያቋርጥ ወደ ፓምፑ የሚያሳልፈው ከእሳት አቀጣጣዩ በኩል ሞተሩ እየዞረ መሆኑን የሚነግር ምልክት ሲደርሰው ነው። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ ለአፍታ ይሠራና ያቆማል። እንዲህ የተደረገው መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑ በተቀደደ ቱቦ ቤንዚን እየረጨ እንዳይቀጥል ነው። ስለዚህ ቁልፉን አብርታችሁ ድምፅ ስላልሰማችሁ ብቻ አትፍረዱበት። አንድ ሰው በሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር እናንተ ከኋላ ሆናችሁ አድምጡ። በዚህ መኪና ላይ ከካንዴላው ብልጭታ ከጠፋ ፓምፑም አብሮ ዝም ሊል እንደሚችል አስታውሱ፤ ስለዚህ ብልጭታ መኖሩን ሳታረጋግጡ ወደ ኋላ አትሂዱ።

በእንግሊዞቹ አሮጌ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በሞሪስ ማይነር ላይ፣ ጸባዩ ሌላ ነው። በእነርሱ ላይ ያለው ኤስዩ የተባለው ፓምፕ ቁልፉ እንደበራ ጧ፣ ጧ እያለ ይመታል፤ ካርቡሬተሩ ሲሞላ ያቆማል። ያቆመው ሥራውን ስለጨረሰ ሊሆን ይችላል። መውጫው ቢደፈንም እንዲሁ ዝም ይላል። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ጫፉን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ያኔ መምታት ከጀመረ ፓምፑ ከበሽታው ነጻ ነው። በእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ ሲነካ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ተቃጥለዋል። ይህን መንካት ብዙ ሰው እንደ ጥገና ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁም ምርመራ አድርጌ ነው የማየው። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ፖዘቲቩ ከአካላቸው ጋር የተያያዘ እንደሆነም አትርሱ፤ ዲዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለው አዲስ ፓምፕ በግልባጭ ከተያያዘ ይበላሻል።

ወደ ሽቦ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ለባለቤቱ አቅርቡ። “ጋሼ፣ ለሌባ ተብሎ የተገጠመ የተደበቀ ማጥፊያ አለው?” በሉ። ከወንበር ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ የፓምፑን መስመር የሚቆርጥ ማጥፊያ አስገጥመው የረሱ፣ ወይም መኪናውን ከገዙበት ሰው ሳይነገራቸው የቀረ ባለመኪናዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጥያቄ ምንም አያስወጣም፤ ግማሽ ቀን ሊያድን ይችላል።

ስለ ደኅንነት የምለው አጭር ነው፣ ግን ከልቤ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመኪና መሥሪያ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ጉድጓድ ውስጥ ሆናችሁ የነዳጅ መስመር አትፍቱ። በጋለ አምፖል አታብሩ፤ አምፖሉ ላይ ጠብታ ቢያርፍ ሊፈነዳና እሳት ሊጭር ይችላል። ኬ-ጀትሮኒክ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በመስመሩ ውስጥ ግፊት ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ መጋጠሚያውን በጨርቅ ሸፍናችሁ በዝግታ አላሉት። የእሳት ማጥፊያው እጃችሁ በሚደርስበት ይሁን።

አሁን ወደ መለካቱ እንግባ። ባትሪውን ለኩ፤ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን አስተካክሉ፤ በደከመ ባትሪ የተገኘ ማንኛውም ልኬት ያሳስታችኋል። ቀጥሎ ፊውዙ። በ230ኢ ላይ ያለው ሁለት ጫፉ ሾጣጣ የሆነ፣ ቀጭን የብረት ክር በጀርባው የተዘረጋበት ዓይነት ነው። ክሩ ሳይቆረጥ ጫፎቹ ብቻ ዝገው ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ይላሉ። በዓይን ስታዩት ደኅና ነው። ስለዚህ በዓይን አትመኑ፤ በሁለቱም ጫፍ ለኩ። በጣት ሲንከባለል ፓምፑ ከተነሣ ጥፋቱን አገኛችሁ ማለት ነው፤ ግን በዚያው አትተዉት፤ መያዣዎቹን አጽዱ፣ አዲስ ፊውዝ አስገቡ።

ከፊውዙ ቀጥሎ ሪሌው ነው። ጀርመኖች በሽቦ መጋጠሚያዎቻቸው ላይ የሚጽፉት ቁጥር ትልቅ ስጦታ ነው፤ በቃላችሁ ያዙት፦ 30 ዘወትር ከባትሪው የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲበራ የሚመጣ፣ 31 ኔጋቲቭ፣ 87 ከሪሌው የሚወጣ። ሪሌውን ነቅላችሁ 30ን ከ87 ጋር ፊውዝ ባለው አጭር ሽቦ ስታገናኙ ፓምፑ ከሠራ፣ ፓምፑም ወደ እርሱ የሚሄደው መስመርም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ በሪሌው ወይም ሪሌውን በሚያዝዘው ምልክት ላይ ነው። በአንዳንድ የመርሴዲስ መሰኪያዎች ላይ ግን ቁጥሩ ከዚህ ስለሚለይ የሽቦ ንድፉን ሳታዩ ምንም አታገናኙ። የተሳሳቱ ሁለት ቀዳዳዎች ቢገናኙ የተቃጠለ ሽቦ ትተው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበትና እኔም ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ነጥብ ላይ ደርሰናል። የፓምፑን መሰኪያ ነቅላችሁ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሽቦው ላይ ስታሳርፉ 12 ቮልት ያሳያችኋል። “ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ ፓምፑ ነው የሞተው” ትላላችሁ። አይደለም! መልቲሜትር ከሽቦው የሚስበው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ አሥር ክር ከነበረው ሽቦ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ 12 ቮልት ያነብባል። ፓምፑ ግን ብዙ አምፔር ይጠይቃል። በዛገ መጋጠሚያ ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፣ 8 አምፔር ሲያልፍበት 4 ቮልት እዚያው ይቀራል። ለፓምፑ የሚደርሰው 8 ቮልት ብቻ ነው፤ በዚህ ደግሞ አይነሣም፣ ቢነሣም በቂ ግፊት አይሰጥም።

ስለዚህ መሰኪያው በፓምፑ ላይ እንዳለ፣ ፓምፑ እንዲሠራ ታዝዞ ሳለ ለኩ። በፓምፑ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ቮልት ከባትሪው ከአንድ ቮልት በላይ ካነሰ መስመሩን መርምሩ። ቀጥሎም መልቲሜትሩን በፓምፑ ኔጋቲቭና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል አድርጉ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው መንገድ ታሟል። ብዙ ሰው የሚመጣውን እንጂ የሚመለሰውን አይለካም። በ230ኢ ላይ ፓምፑ ከኋላ ከመኪናው ሥር ስለሚገኝ የክረምቱን ጭቃና ውኃ ሁሉ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ የኔጋቲቩ ማሰሪያ ብሎንም አብሮ ይዝጋል። እኔ ከፓምፑ በፊት ይህችን ብሎን ፈትቼ አሸዋ ወረቀት አስነካታለሁ።

መልቲሜትር ለሌለው ወጣት ደግሞ የፊት መብራት አምፖል ይበቃል። 55 ዋት የሆነውን አምፖል በፓምፑ ቦታ አያይዙት፤ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። ነጭ ሆኖ ከበራ መስመሩ ሸክም ይችላል። ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ ሽቦው ያሳየው 12 ቮልት ለስሙ ብቻ ነበር። ብቻ አምፖሉ እንደሚግል አትዘንጉ፤ ነዳጅ ከፈሰሰበት ስፍራ አርቁት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ፓምፑ ዝም ካለ፣ ያኔ ፓምፑን መጠርጠር ተገቢ ነው። አምፔሩን ለኩ። ፊውዝ የሚያቃጥል ከሆነ ውስጡ ተጣብቋል፤ ይህ ለዓመታት በቆመ መኪና የተለመደ ነው፣ ያረጀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይሆናልና። ምንም አምፔር ካልሳበ ደግሞ በውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ብሩሽ አልቋል ወይም ሽቦው ውስጥ ተቆርጧል።

ፓምፑን ለምን እንደሞተ ሳትጠይቁ ግን አትቀይሩት። ይህ ዓይነቱ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውስጡ በሚያልፈው ቤንዚን ነው። ታንኩ ዝገት ካለው፣ ማጣሪያው ከተደፈነ፣ ባለቤቱም ሁልጊዜ መብራቱ እስኪበራ ድረስ የሚነዱ ከሆነ አዲሱም ፓምፕ ብዙ አይቆይም። ሲገዛም ልኩን እዩ፤ የኬ-ጀትሮኒክ ግፊት 5 ባር ገደማ ሲሆን፣ የካርቡሬተር ፓምፕ የሚሰጠው 0.2 ወይም 0.3 ባር ብቻ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የመርጫውን ፓምፕ ካርቡሬተር ላይ የሚገጥም ሰው ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ እያፈሰሰ ነው።

ይህን ሳነሣ ቮልሶቻችን ትዝ ይሉኛል። ከፋብሪካ ሲወጡ ፓምፓቸው በሞተሩ የሚገፋ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስገጥማል። ጥሩ ነው፣ ግን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አታያይዙት። ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን የሚያቆም ሪሌ ወይም የዘይት ግፊት ማጥፊያ ጨምሩበት። ባለቤቱ “ዋጋ ይጨምራል” ቢሉም ተከራከሩ፤ በዚህ ነገር ላይ ሥራውን እምቢ ብትሉ እንኳ አልወቅሳችሁም።

በሥራችሁ ጊዜ ያገኛችሁትን ቁጥር ሁሉ በወረቀት ጻፉ፦ ባትሪ ይህን ያህል፣ ፓምፕ ላይ ይህን ያህል፣ ኔጋቲቭ ላይ ይህን ያህል። ወረቀቱን ከወጣው ዕቃ ጋር ለባለቤቱ ስጧቸው። ሌላ ጋራዥ ቢሄዱ ያኛው ባለሙያ ከዚያ ይቀጥላል።

መኪናው ሲነሣም ወዲያው አታስረክቡት። በሪሌው ውስጥ ያለ የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት፣ ወደ እንጦጦ ዳገት አውጡት፣ ሞተሩ እንደጋለ አጥፍታችሁ ጥቂት ቆዩና እንደገና አስነሡት። ከዚያ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ በፓምፑ ላይ ያለውን ቮልት ዳግም ለኩት፤ ከጠዋቱ ቁጥር ጋር ከተስማማ ለባለቤቱ ደውሉላቸው።