ድድ ሲደማ ብሩሹ ይቁም?

እህቴ፣ «እናቴ ስኳር አለባቸው፤ ድዳቸው ስለሚደማ ብሩሽ ትተው በጨው ውኃ ብቻ ይጉመጠመጣሉ፤ ስኳሩም አልወርድ አለ፣ ይገናኛል?» ላልሽው፦ አዎ፣ ይገናኛል። ብሩሹን ግን ዛሬውኑ ይመለሱበት።

ብዙውን ጊዜ የሚያደማው ብሩሹ አይደለም። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተጋገረውን ባክቴሪያ ሊዋጋ ሰውነት ነጭ የደም ሴል ሲልክ ድዱ ያብጥና በትንሽ ንክኪ ይደማል። ጨው ውኃ ያስታግሳል እንጂ የተጣበቀውን አይፍቅም። ጤነኛ ድድ እንኳ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይጸዳ ከቆየ ይቆጣል።

ሲቆይ ድዱ ከጥርሱ ይለቅና ኪስ ይሆናል። በጥርስና በድድ መካከል ያለው ጥልቀት እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፤ ከ4 ጀምሮ ብሩሽ አይደርስበትም፣ አየር የማይወዱት እነ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። አጥንቱን በአብዛኛው የሚበላው ግን ማቆሚያ ያጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ነው። ከዚያ ቁጣ የሚወጡት ኬሚካሎች በደም ዞረው የኢንሱሊንን ሥራ ያውካሉ። ስኳሩ ሲጨምር ደግሞ ነጭ የደም ሴሉ ይዳከማል፣ ድዱም ይብስበታል። ድድ ሲታከም የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ በ0.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ሊወርድ ይችላል። የስኳር መድኃኒታቸውን ግን አይተካም።

አቦራረሹ፦ ለስላሳ ብሩሽ በ45 ዲግሪ ወደ ድዱ አዘንብለው፣ ሁለት ሁለት ጥርስ እያሉ በቀስታ እያንቀጠቀጡ፣ ጠዋትና ማታ 2 ደቂቃ። መፋቂያ ከለመዱ ጫፉ ታኝኮ ይለስልስ፤ ደረቁ መፋቂያ ድድ ይገፋና የጥርሱን ሥር ያጋልጣል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች በምላስ በኩል እንዳይረሱ፤ ምራቅ የሚፈልቀው እዚያው ስለሆነ የጥርስ ድንጋይ፣ ማለትም ጠጥሮ የተጣበቀው ቆሻሻ፣ ቶሎ የሚሠራው እዚያ ነው። በምላስ ጫፍ ቢነኩት ይሻክራል።

ያ ድንጋይ በብሩሽ አይለቅም፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ማሳጠብ ነው። «ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚባለው፣ ድንጋዩ ሲነሳ ቀድሞ የተበላው ክፍተት ስለሚገለጥ ነው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ ለዚህ አይረባም፤ ባክቴሪያው ራሱ በሠራው ሽፋን ተከልሎ ይተርፋል። ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ከታዘዘ 0.2 በመቶውን 10 ሚሊ ሊትር ለ1 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጥርስ ያጠቁራል። ከጥርስ ሳሙና ጋር ስለሚጣላ ግማሽ ሰዓት ያራርቁት።

ለማሳጠብ ሲሄዱ በባዶ ሆድ አይሁን፤ ቁርስ በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው ይሂዱ፣ ወንበሩ ላይ ስኳር እንዳይወርድባቸው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ካላቸው ሐኪሙ ሥራ ሳይጀምር ይንገሩት።