መልስ፦ ቪዲዮ ሲጫን የድምፅ ጥሪዬ ለምን ይቆራረጣል?

ሰላም ወንድሜ። እህትህ ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ስትጭን የኢንተርኔት ጥሪህ እንደሚቆራረጥብህ ገልጸህ፣ ፍጥነት ብጨምር ይሻለኛል ወይ ብለሃል። ገንዘብህን ለዚያ ከማውጣትህ በፊት መረጃው ለመላክ ተራ የሚጠብቅበትን ወረፋ አስተካክል።

ድምፅ ሰፊ መስመር አይፈልግም፤ የተለመደው የስልክ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል መረጃ የሚቀይረው ዘዴ) እንኳ የሚጠቀመው በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው። የሚጎዳው መዘግየት ነው። ቪዲዮው የሞደሙን ወይም የራውተሩን ማቆያ ይሞላዋል፣ የአንተ ድምፅ ደግሞ ከኋላ ይሰለፋል። የመላኪያ ፍጥነትህ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆንና 250 ኪሎባይት ቀድሞህ ቢሰለፍ፣ ድምፅህ አንድ ሙሉ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት ነው፤ እንግዲህ ልዩነቱን እየው!

ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ የአይፒ ፓኬት (በኢንተርኔት በሚላክ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ራስጌ ላይ ለቅድሚያ ምልክት 6 ቢት ተመድቧል። ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ 46 ቁጥርን ይይዛል፤ ምልክቱን የሚያከብር ራውተር ልክ ለአምቡላንስ መንገድ እንደሚለቀቀው ያስቀድመዋል። ፋይል ማውረድና ዝማኔ ቢዘገዩም ምንም አይሆኑም። ችግሩ፣ ይህ ምልክት ከቤትህ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ አይከበርም። በእጅህ ያለው የራስህ ራውተር ነው።

ስለዚህ ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ ኤስኪውኤም (SQM) ወይም ኤፍኪው ኮደል (fq_codel) የሚል፣ ማለትም ወረፋውን አጭር አድርጎ የሚያስተዳድር አማራጭ ካገኘህ አብራው፤ የመላኪያ ገደቡንም ከለካኸው ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ አድርገው። ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ፣ ግን ወረፋው ሞደሙ ውስጥ መከማቸቱ ይቀርና ራውተሩ ራሱ ያስተናግደዋል። እህትህ እየጫነች ሳለ ከለውጡ በፊትና በኋላ ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ) ለካና ቁጥሮቹን እዚህ ጻፍልን፤ አብረን እናያቸዋለን።