የዓመት ፈቃዳችሁን እረፉበት

ልጆች፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሰው ኃይል አስተዳደር ነው። የፈቃድ ፎርም ስፈርም ኖሬያለሁ። ሰው ፈቃድ የሚወጣው ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለኮንዶሚኒየም ጣጣ፣ ዘመድ ለማስታመም ነው። ሁሉም ተገቢ ነው። ግን ሲመለስ ከወጣበት ቀን ብሶበት፣ ዓይኑ ቀልቶ ነው የሚመጣው። ለማረፍ ብሎ የወጣ ወጣት ብዙም አላየሁም፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ፈቃዱ መብታችሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይገባችኋል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል።

"ገንዘብ ከየት አምጥቼ ልዝናና?" ትላላችሁ። ሐዋሳ መሄድ ግድ አይደለም። እኔ የምኖረው አያት ነው። እዚህ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ልጆች አዲስ አበባን የምታውቋት በታክሲ መስኮት ነው፣ ያውም ሰዓት ረፍዶባችሁ። እስቲ እንግዳ ሁኑባት። ከቻላችሁ አራት ኪሎ አካባቢ ጸጥ ያለች ፔንሲዮን ያዙ፤ ካልቻላችሁ ማታ ቤታችሁ ግቡ። ብቻችሁን ሁኑ፣ በቀን ከአንድ ቦታ በላይ አትሂዱ።

አንዱን ቀን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችው ድንቅነሽ ፊት ሳትቸኩሉ ቁሙ፤ ከኋላችሁ "እንሂድ" የሚል ጓደኛ የለም። ሌላውን ቀን ከሽሮ ሜዳ በታክሲ እንጦጦ ውጡ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሳትወዱ በግድ ቀስ ትላላችሁ። የምኒልክን ቤተ መንግሥትና የእንጦጦ ማርያምን ካያችሁ በኋላ ቁልቁል ከተማዋን እያያችሁ ቁጭ በሉ። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ወደ ፍልውሃ ወርደው ነው በ1879 ከተማዋ የተቆረቆረችው። ጫካው ውስጥ ግን ብቻችሁን ራቅ ብላችሁ አትግቡ፣ ሳይመሽ ውረዱ፣ የት እንዳላችሁም ለአንድ ሰው ንገሩ።

የመጀመሪያው ቀን ይከብዳል። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ እዚያው ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትመለሱ ነው። እጃችሁ ስልክ ይፈልጋል፣ የሠራችሁት ጥፋት ያለ ይመስል ልባችሁ ይረበሻል፣ ምግብ ቤት ገብታችሁ አስተናጋጁ "ሰው አለ?" ሲላችሁ ታፍራላችሁ፤ ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። "የለም፣ ብቻዬን ነኝ" በሉትና ተጋቢኗችሁን እዘዙ። ዳታ አጥፉ። በማግስቱ እንቅልፍ ይጥላችኋል፣ ተኙ፤ ቀኑ ባከነ ብላችሁ አትነሱ። ከዚያ በኋላ ነው ጭንቅላታችሁ ከቢሮ የሚወጣው፣ ሰውነታችሁም ምን ያህል ደክሞ እንደነበር የሚታወቃችሁ።

እናታችሁ "ምን ሆነሽ ነው? ከማን ተጣላህ?" ማለታቸው አይቀርም። አትዋሿቸው። "ደክሞኛል እማዬ፣ አርፌ እመጣለሁ" በቂ ነው።

ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃም ይጨንቀዋል፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዝናብ ስለማይበዛበት ለእግር ጉዞ ይመቻል። የእንጦጦ ብርድ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ የሌላችሁ ስታልፉ ሽሮ ሜዳ ላይ ግዙ።