ኤውናቴን ለማየት ለምትሄጂው እህቴ

እህቴ፣ «እናቴን ይዤ ከፓምፕሎና ወደ ኤውናቴ ልሄድ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃል? የቴምፕላሮች ቤተ ክርስቲያን ነው የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። ኤውናቴ ለማያውቀው፣ ሰሜን ስፔን ውስጥ ከፓምፕሎና ከተማ ብዙ ሳይርቅ ያለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቴምፕላሮች ደግሞ በመስቀል ጦርነት ዘመን የነበሩ መነኮሳት ወታደሮች ናቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ የተዘጋ በር አሳይቶ መለሰኝ። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

1. የመክፈቻ ሰዓቱን ራስሽ አረጋግጪ። ሰዓቱ በየወቅቱ ይለዋወጣል። እኔ አንድ የቱሪስት መረጃ መስጫ ገብቼ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና እንኳን ሳትል «ክፍት ነው» አለችኝ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። «እርግጠኛ ነሽ?» ስላት ወረቀት ወርውራልኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ታክሲ ያዝኩ፤ ጠብቆ መመለሱን ጨምሮ 80 ዩሮ ከፈልኩ። ስደርስ በሩ ጥርቅም ብሏል። ቤተ ክርስቲያኑ እርሻ መሃል ብቻውን ነው የቆመው፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ገንዘቡ ሳይሆን አመላለሷ ነው ያናደደኝ። ያን ቀን የእርሻ ሽታና የተቆለፈ በር ይዤ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ጊዜ ብልህ ሆንኩ። በአውቶቡስ በአቅራቢያው ወዳለችው ከተማ፣ እስከ ፑዌንቴ ላ ሬይና ሄጄ፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሬ። እናትሽ ያን ያህል መሄድ ካልቻሉ ታክሲውን ከዚያው ከፑዌንቴ ላ ሬይና ያዙ።

2. ቴምፕላሮቹን ተያቸው። እኔ ከመሄዴ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለነሱ ሳነብ ከረምኩ፤ ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ቴምፕላሮች ሠሩት የሚል ሰነድ የለም። ወሬው የመጣው ከቅርጹ ነው። ቤቱ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ኢየሩሳሌም ያለውን የጌታ መቃብር የሚያስታውሱ ክብና ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያኖች አውሮፓ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጌታ የተነሣበት እሑድ ከሰባቱ ቀን ቀጥሎ ስምንተኛ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ስምንት የትንሣኤ ቁጥር ነው። ለመቃብር ቦታ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ ከየት ይመጣል?

አዎ፣ መቃብር ነው። ዋናው ነገር እሱ ነው። በቁፋሮ በዙሪያው መቃብሮች ተገኝተዋል፤ ከአጽሞቹ ጋር ደግሞ ዛጎል። ዛጎል ወደ ሳንቲያጎ፣ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው የስፔን ከተማ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ምልክት ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ከዚያው አገር፣ ከጋሊሲያ ባሕር ዳር ይዞት ይመለስ ነበር። እንግዲህ አንዳንዶቹ ተሳልመው ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ የቀሩ ይሆናሉ። ይህን ሳውቅ ቆሜ ቀረሁ። አገሩ ሳይገባ የተቀበረ ሰው ታሪክ ስደት ላይ ላለን ሰዎች ሌላ ነገር ነው።

3. ሳትገቢ በፊት ዙሪ። ቤቱን 33 ቅስቶች ያሉት የድንጋይ ረድፍ ከብቦታል፤ ጣሪያ የለውም፣ ሰማይ ይታያል። ኤውናቴ የሚለውንም ስም በባስክ፣ በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ «መቶ በር» ማለት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ምሁራን ይህ ረድፍ መጀመሪያ ምን እንደነበረ ይከራከሩበታል። እናትሽ ግን ምንም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ እኛ አገር ክብ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም እንደምንዞረው መዞር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበት ዘመንም የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፣ 1170 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይሉታል። እኛ ጋ የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ማለት ነው።

ስትገቢ ቁጭ በይ። ፎቶ ይቆይ። ከስምንቱ ማዕዘን ስምንት የድንጋይ ቅስቶች ተነስተው ጣሪያው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ማዕዘኖቹ እኩል ስላልሆኑ ቅስቶቹም ትንሽ ያዘነብላሉ፤ እኔ የሠሪዎቹን እጅ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ብርሃኑ የሚገባው በቀጭን አልባስጥሮስ ነው፣ ወንጌል ላይ ሴትየዋ ሽቱ ያመጣችበት ብልቃጥ የተሠራበት ድንጋይ። ወተት የመሰለ ብርሃን ነው። ወደ ጣሪያው የሚወጣ ጠባብ ደረጃም አለ። ማታ ማታ ለሙታን መብራት ይበራበት ነበር ብለው የሚገምቱ አሉ።

ግማሽ ቀን ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ለኤውናቴ ብቻ ይበቃል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያዢ እላለሁ፤ ምክንያቱም ኦልኮስ አለ። ኤውናቴ በሰሜን በኩል ባለው በር ቅስት ላይ ሰዎችና አውሬዎች ተቀርጸዋል። ብዙም ሳይርቅ ኦልኮስ በምትባል መንደር ያለው የሳን ሚጌል ቤተ ክርስቲያን በር ደግሞ ያንኑ ቅርጽ በመስታወት እንደታየ ገልብጦ ይዞታል። ይህን ማንም አላሳየኝም። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ አንድ በአንድ ያመሳከርኩት እኔው ነኝ፤ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የኤውናቴውን በር በደንብ ፎቶ አንሺና ይዘሽው ሂጂ።

ደግሞ ውስጡ ድንጋይ ነው፣ በበጋም ይቀዘቅዛል። እናትሽ ነጠላ ብቻ አይበቃቸውም፤ ጋቢያቸውን ያዢላቸው።