በየካቲት ጠይቁ

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ በቀደም እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ የምግባችን በጀት በቀን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ግቢው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ወጪ መጋራታችንም አብሮ ጨምሯል እንዴ? ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ‹ስትመረቂ ታዪዋለሽ› አሉኝ።»

ይህን መልስ በደንብ አውቀዋለሁ። ከተራ አካውንታንትነት ተነስቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ክፍል ሠርቻለሁ። ስንት ተማሪ በዚህ መልስ ከመስኮታችን እንደተመለሰ እግዜር ይቁጠረው። እሷ ግን ጥሩ ነገር ነው የጠየቀችው፤ ጥያቄዋ ደግሞ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ። ለእሷ የመለስኩትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ወጪ መጋራት የመጣው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅና እሱን ተከትሎ በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ነው። ሥራ ላይ የዋለው በ1996 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ነው። መርሁ አጭር ነው፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ገንዘቡን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ቀጣሪው ከደመወዙ እየቆረጠ ያስገባለታል። እንግዲህ ምግብ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ከሆነ፣ በቀን የተጨመረው 78 ብር የማን ዕዳ ነው? በ22 ብር ሒሳብ የአሥር ወር ምግብ 6,600 ብር ነበር። በ100 ብር 30,000 ይሆናል። አራት ዓመት ለሚማር ልጅ 120,000 ብር ማለት ነው፤ ያውም ለምግብ ብቻ። ይህ እኔ ቁጭ ብዬ በወረቀት ያሰላሁት ነው። መንግሥት ከጭማሪው ላይ የሚደጉመው ካለ ቁጥሩ ይወርዳል። ካለ ግን ይጻፍ፣ ተማሪውም ይየው።

አሁን ወደ ቁጭቴ ልምጣ።

በ1996 ጥቅምት እሠራበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ (ስሙን ልተወው፤ ብዙዎቹ ሰዎች በሕይወት አሉ) አዲስ ገቢዎችን ውል ለማስፈረም ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ደረደርን። ልጆቹ ጉርድ ፎቷቸውን ይዘው ተሰለፉ። ቅጹ ላይ ስም ይሞላል፣ ዞንና ወረዳ ይሞላል፣ የወላጅ ስም ይሞላል። የገንዘቡ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ግን ነጠብጣብ ብቻ ነበር። «እሱን እኛ በኋላ እንሞላዋለን» ተብሏል። ልጆቹም ይፈርማሉ፣ ያልፋሉ። አንድ ከወሎ የመጣ ቀጭን ልጅ እኔ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ስንት ነው?» አለኝ።

በኋላ እንደሚሞላ ነገርኩት።

«አባቴ ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርም ብሎኛል።»

ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነው፤ እምቢ ማለቱ አልነበረም። አባቱ ለምን እንደዚያ እንዳሉት ወዲያው ገባኝ። ያን ጊዜ ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ይወስዳል፤ እህሉ ሲትረፈረፍ ዋጋው ይወድቃል፣ ቀጥሎ በ1995 ድርቁ ይመጣል፤ ዕዳህን አልከፈልክም ተብሎ በሬው የተነዳበት፣ ራሱም የታሰረ ብዙ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ፊርማ ማለት ምን እንደሆነ እኛ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው አንነግራቸውም። ከልጁ ኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ኃላፊያችን መጣና «ሌላው ሁሉ ፈርሟል፤ አንተ ከማን ትበልጣለህ?» አለው። ልጁ ዞር ብሎ ሰልፉን አየ፤ ከዚያ ፈረመ።

ስሌቱ ግን ተዘጋጅቶ ነበር! የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እኔና ባልደረቦቼ ክረምቱን ሙሉ ስንሠራው የከረምነው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነበር፤ ምግብ ይህን ያህል፣ መኝታ ይህን ያህል፣ ትምህርት በየፋኩልቲው ይህን ያህል እያለ የሚዘረዝር። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብዬ ለኃላፊዬ አቅርቤለት ነበር። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሠራተኛ ሲታመም ከኪሱ ያሳክማል፣ ለቅሶ አይቀርም። ነገር ግን «አንድ ወረቀት ከለጠፍክ አሥር ጥያቄ ይመጣብሃል» አለኝና ሠንጠረዡን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ጥያቄ መምጣቱ እንደ ጉዳት የሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ነበርን።

ያ ወረቀት ዩኒቨርሲቲውን የሚያሳፍር አንድ ነገር አልነበረበትም። እንዲያውም ለትምህርቱ ከሚወጣው ከመቶ 85ቱን መንግሥት እንደሚሸፍን ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር። ሲደበቅ ወሬ ቦታውን ያዘ። ያልከፈለ ይባረራል ተባለ። ወላጅ ይታሰራል ተባለ። ያልከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም ተባለ። ከእነዚህ ውስጥ ኋላ እውነት ሆኖ የተገኘው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ኦሪጅናሉን ለማውጣት ዛሬም ስንቱ ደጅ ይጠናል።

ኅዳር ላይ የዚያ ልጅ አባት መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ብሩን በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። በሬ ሸጠው ነው የመጡት። ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ እንዳለ ከአንድ መምህር ሰምተዋል፤ ቅናሹ በደንቡ ውስጥ በእርግጥ አለ። ካልከፈሉ ግን ልጃቸው የሚባረር መስሏቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸውና ልጅዎ ተመርቆ ደመወዝ እስኪቀበል ድረስ አምስት ሳንቲም የሚጠይቅዎት የለም አልኳቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

«ታዲያ ይህን በመስከረም የሚነግረን ሰው ጠፍቶ ነው?»

በአውድማ ሰዓት በሬ የሸጠ ገበሬ ይህን ሲጠይቅ ምን ይመለስለታል? ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ ብዬ መከርኳቸው። አመኑኝ አላመኑኝ አላውቅም። የአንዱን ዓመት ከፈሉ፣ ደረሰኙን አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከእኔ ቃል በልጦባቸዋል፤ አልፈረድኩባቸውም።

ይህ ነገር በእኛ አገር አዲስ አይደለም። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በየካቲት 1966 መምህራን አድማ ሲመቱ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚወራው ስለ «ሴክተር ሪቪው» ነበር። የትምህርቱን ዘርፍ ባለሙያዎች አጥንተው ጨርሰዋል፤ አስተማሪውና ወላጁ ግን የሰማው በወሬ ነው። ካደግሁ በኋላ ስለ ጥናቱ ሳነብ ለገጠሩ ልጅ መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስን ያስቀደመ፣ ቢያንስ ቁጭ ብለው ሊከራከሩበት የሚገባ ሐሳብ ሆኖ አገኘሁት። አባቴ ጆሮ የደረሰው ግን የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት የሚለው ነበር። ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን በነዳጅ ዋጋ ቆሙ። ጥናቱ ታገደ፤ በወራት ውስጥ ዙፋኑም አልቀረም። የዙፋኑ ምክንያት ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ «ቢጠይቁን ኖሮ» ይል ነበር።

እኔ ራሴ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ ብር አልከፈልኩም። በነጻ በልቼ፣ በነጻ ተኝቼ ነው የወጣሁት። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ተማሪና መምህር ለሠፈራ ጣቢያ ጎጆ እንዲሠራ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ሲላክ ለእኔ መተከል ደረሰኝ፤ ሣር ስናጭድ፣ እንጨት ስንሸከም፣ በወባ ስንንቀጠቀጥ ከረምን። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ነጻ የተባለው ትምህርት ሒሳቡ በሌላ በኩል ይወራረድ ነበር ማለት ነው። እናም የመክፈልን ሐሳብ አልቃወምም። የዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ በሚከፍለው ግብር ተምሮ ሐኪምና መሐንዲስ የሚሆን ሰው ሥራ ሲይዝ ቢጋራ ፍትሕ ነው እላለሁ። በዚህ የማይስማሙ ወዳጆች አሉኝ።

አሁን ከመሥሪያ ቤት ውጭ ያለ ሰው ብዙም የማያውቀውን ልንገራችሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቱ በጀቱን የሚያጸድቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲው ለቀጣዩ ዓመት የሚጠይቀውን በጋው ላይ፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ያዘጋጃል። የአንድ ተማሪ ወጪ ስንት እንደሚሆን የሚታሰበው ያኔ ነው። እናንተ ስለ ጭማሪ የምትሰሙት መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ፣ ስትመዘገቡ ነው። ስብሰባ የሚጠራላችሁም ያኔ ነው። በጥቅምት የሚጠራ ምክክር ከቀብር መልስ እንደደረሰ ለቀስተኛ ነው፤ ያጽናናል እንጂ የሚለውጠው ነገር የለም።

ስለዚህ በየካቲት ጠይቁ። የምትጠይቁት «ለምን ትጨምራላችሁ» ብቻ ከሆነ ኑሮ ተወደደ ብሎ የሚመልስላችሁ አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። ስሌቱን ጠይቁ። ጤፉ ነው የጨመረው? ማገዶው? የወጥ ቤት ሠራተኛው ደመወዝ? ውሃና መብራቱ ከተማሪው ላይ ነው የሚታሰበው ወይስ ከአስተዳደሩ? ያለፈው ዓመት ቁጥር ከጎኑ ይቀመጥ። ቁጥሩ ከጎን ከሌለ ጭማሪው ትልቅ ይሁን ትንሽ እኔም ከነልምዴ ልነግራችሁ አልችልም።

የተማሪዎች ኅብረት ወኪል አለን ትሉኝ ይሆናል። እኛም ጋ ሴኔት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሙ አለ፣ ፊርማውም አለ። ሰነዱን የሚያየው ግን ስብሰባው ሲከፈት፣ ሻይ ሲቀርብ ነው። ያን ወፍራም ጥራዝ በዚያች ቅጽበት አገላብጦ የሚጠይቅ ልጅ ከየት ይመጣል? ሰነዱ ከሳምንት በፊት ካልደረሰው የእሱ መገኘት ለፎቶ ነው።

እናንተንም ልውቀሳችሁ። አንድ ደብዳቤ ከቢሮ ሳይወጣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይዞራል፤ ሺህ ሰው ይቆጣል፤ ሁለተኛውን ገጽ ያነበበ አይገኝም። ውሉን በየዓመቱ ትፈርማላችሁ፤ ቅጂው በእጁ ያለ ስንቱ ነው? የጎረቤቴን ልጅም ጠይቄያት የለኝም ብላኛለች።

ሳህን ከመድፋት ወረቀት መጠየቅ ይሻላል ብዬ ልመክራችሁ ነበር የተነሳሁት። ልዋሻችሁ ግን አልችልም። በሥራ ዘመኔ የምግቡ ወጪ ዝርዝር ካፌው በር ላይ ተለጥፎ ያየሁት ተማሪው በሽሮው ተቆጥቶ ምሳ አልበላም ባለ ማግሥት ነው። ደብዳቤ ያላስወጣውን ወረቀት ያልተበላ ምሳ አስወጣው። በሌላ በኩል ደግሞ በሚያዝያ 1993 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ያየ የእኔ ዕድሜ ሰው ልጆችን ውጡ ለማለት አንደበቱ ይታሰራል። ያኔ ልጆቹ የጠየቁት የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ኅብረታችንና ጋዜጣችን ይፈቀድልን ብለው ነበር፤ መጨረሻው የሰው ሕይወት ሆነ።

ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2015 ያደረጉትን ታስታውሱ ይሆናል። የጆሃንስበርጉ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ለቀጣዩ ዓመት 10.5 በመቶ ጭማሪ ሲያስታውቅ ተማሪዎቹ መግቢያዎቹን ዘጉ፤ ተቃውሞው አገሩን አዳረሰ፤ በኦክቶበር 23 ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ጭማሪው ዜሮ ይሆናል አሉ። ትልቅ ድል ነበር። በዓመቱ ግን መንግሥት እስከ 8 በመቶ መጨመር ይቻላል ሲል ግቢዎቹ እንደገና ተናወጡ። ጩኸቱ ቁጥሩን ለአንድ ዓመት አቆመው፤ ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ክርክር ግን እዚያው ጠበቃቸው። የትኛውን መንገድ እንደምመክራችሁ እኔም አልቆረጥኩም።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። በእኛ ጊዜ ማንም ሲጠየቅ «ከላይ የመጣ ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ መሆን ጀምረዋል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ራሱን የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ገቢውንም ራሱ ይፈልጋል፤ የክፍያ ነገር ወደ ግቢው ቦርድ እየቀረበ ነው። ይህ ያስፈራችኋል፤ ቢያስፈራችሁም እውነት አላችሁ። ነገር ግን የሚጠየቀው ሰው ቢሮ አሁን በእግር የሚደረስበት ሆኗል።

ለጎረቤቴ ልጅ ያልኳት ይህን ነው፦ ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊው። ሁለት ኮፒ ያዢና አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። የዘንድሮውን ውል ቅጂ ጠይቂ፤ የምግቡ መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ከአምናው ጋር አስተያዪው። ባዶ ከሆነ ባዶ መሆኑን ደብዳቤሽ ላይ ጻፊው። ነን ካፌ የሆኑ፣ ማለትም ግቢው ካፌ ከመብላት ይልቅ የምግቡን ብር የሚቀበሉ ጓደኞችሽ ደግሞ በየወሩ በእጃቸው የሚገባውን ብርና ውሉ ላይ የሰፈረውን ያስተያዩ፤ ልዩነት ካገኙ አብራችሁ አመልክቱ። መልስ ከመጣ ይዘሽልኝ ነይ፤ ቁጥሮቹን አብረን እንደምራቸዋለን።